ጥያቄና መልስ፦ ከአዳማ እስከ ሐዋሳ፣ ከጓደኛ ጋር የጉዞው የመጀመሪያ ቀን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጓደኛ ጋር በራስ መኪና ረጅም መንገድ ለሚወጡ ሰዎች የሚሆኑ ናቸው። አብዛኞቹ ከአዳማ የተላኩ ስለሆኑ መንገዱን በአዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔ በኩል አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ በቪትዝ ከአዳማ ተነስተን አርባ ምንጭ ልንሄድ ነው። እሱ «በጠዋት ከወጣን በአንድ ቀን እንገባለን» ይላል። እኔ ግን ሐዋሳ እንደር ባይ ነኝ። ሁለታችንም ረጅም መንገድ ነድተን አናውቅም። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ሐዋሳ እደሩ። አርባ ምንጭ በአንድ ቀን የማይገባ ሆኖ አይደለም፤ ልምድ ያለው ሾፌር በደንብ በተፈተሸ መኪና ይገባል። እናንተ ግን በመጀመሪያው ቀን መንገዱን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ገና እየተዋወቃችሁት ነው። ከተማ ውስጥ ለዓመታት በ40 እና በ50 ሲነዳ የኖረ ቪትዝ ያለበት ሕመም የሚታወቀው ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይቆም በ100 ሲሮጥ ነው። የተዘጋ ራዲያተር፣ ባላንሱ የጠፋ ጎማ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ ሁሉ ያን ጊዜ ይወጣል። ይህ ቢገለጥ የሚሻለው ከሰዓት በፊት፣ ጋራዥ ባለበት ከተማ አጠገብ ነው።

ከአዳማ ሐዋሳ 220 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አርባ ምንጭ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ፣ ሁለት ጥሩ ዕረፍት አድርጋችሁም ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ሐዋሳ ትገባላችሁ። ጎማ ቢፈነዳ ወይም መኪናው ቢሞቅባችሁ እንኳ ሳይመሽ የምትጠግኑበት ሰዓት ይተርፋችኋል። አርባ ምንጭ እንገባለን ብላችሁ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ግን የቀረውን መንገድ በጨለማ ትነዱታላችሁ። መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ያለ አንጸባራቂ ምልክት የቆመ አይሱዙ የሚያጋጥመው ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆም እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ ነው፤ ከፊታችሁ ሰውም እንስሳም የለም። በመግቢያው የሚሰጣችሁን ካርድ እንዳትጥሉት፣ ክፍያው በመውጫው ላይ በእሱ ይሰላል። ከዚያ በኋላ አሮጌው መንገድ ላይ ስትገቡ ሁሉም ነገር ይለወጣል። አህያ፣ ባጃጅ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች፣ ሳይታሰብ የሚመጣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። አደጋው ያለው በዚህ መለዋወጫ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለአንድ ሰዓት በ100 የሮጠ ዓይን 70ን እንደ እርምጃ ይቆጥረዋል። ከፍጥነት መንገዱ እንደወጣችሁ ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ፍጥነታችሁን በስሜት ሳይሆን ከዳሽቦርዱ እያነበባችሁ ንዱ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ባቱ ላይ ወርዶ ቁርስ መብላት ነው። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት ያረፈ ሾፌር አሮጌውን መንገድ በሌላ ዓይን ያየዋል።

በፍጥነት መንገዱ ላይ ቪትዝን ከ100 በላይ አትግፉት። በ80 ስትነዱ አደጋ አይታችሁ ፍሬን ረግጣችሁ እስክትቆሙ በደረቅ አስፋልት 70 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። በ120 ግን 130 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፣ መቆሚያው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የትራኩን ስቶፕ መብራት በቅርብ እየተከተሉ መንዳት የሚያስጨርሰውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የጎማዎቼ ጥርስ ገና ብዙ ነው፤ ጎሚስታው ግን «አርጅተዋል፣ በእነዚህ መንገድ አትውጣ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ቆላ ስለምትሄድ ንፋሱን ቀንስ» ይለኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ይስሙ፣ ሁለተኛውን ይተዉ።

ጎማ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ብዙ የሚቆምና ፀሐይ የሚመታው ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች ይፈልጉ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከ6 ዓመት ያለፈውን ጎማ በየጉዞው በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ 10 ዓመት የሞላውን ጥርሱ አዲስ ቢመስልም መንገድ አያውጡት። መሪውን ወደ አንድ ጎን እስከ መጨረሻ አዙረው በጎማው ጎንና በጥርሶቹ መካከል ቀጫጭን ስንጥቅ መኖሩን ይመልከቱ። ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ስለሆነ ወዲያው ይቀየር። ጥርሱ በአንድ ጎን ብቻ ካለቀ ደግሞ አላይመንቱ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ያገለገለ ጎማ የሚገዙ ከሆነም ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር ያንብቡ።

ንፋስን በተመለከተ፣ ሙቀት ሲኖር ይቀነስ የሚለው ምክር ነገሩን ገልብጦ ያያል። ጎማን የሚያሞቀው ከአስፋልቱ በላይ የራሱ መተጣጠፍ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም በሩጫ ላይ ይበጣጠሳል። ልኩ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ ለቪትዝ ብዙውን ጊዜ በ30 እና በ33 ፒኤስአይ መካከል ነው። ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ይለኩ። ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ 4 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ቢያገኙት ጤናማ ነው፤ አያስተንፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናልና።

ስኮርቱን አይርሱ። ከነጭራሹ ንፋስ የሌለው ስኮርት ይዞ መውጣት የተለመደ ስህተት ነው። ቀጭኑ ዓይነት ስኮርት ከሆነ 60 ፒኤስአይ ይሞላል፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይም አይነዳበትም። ክሪኩና የዳዶ መፍቻው መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን መሥራታቸውን ደጃፍዎ ላይ አንድ ጎማ አውርደው ይሞክሩ። ጎሚስታ በአየር መሣሪያ ያጠበቀው ዳዶ በእጅ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ኮካ አጠገብ ፀሐይ ላይ ከማወቅ ቤት ማወቅ ይሻላል። ጎማ ሲቀይሩ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ሩብ ዙር ያላሉ፤ ከሚቀየረው ጎማ በሰያፍ ባለው ጎማ ፊትም ኋላም ድንጋይ ያድርጉ፤ ከዚያ በክሪክ ያንሱ። ሲያጠብቁ በዙሪያ በተርታ ሳይሆን ከአንዱ ፊት ለፊት ወዳለው እየተሻገሩ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው ደግመው ያጥብቁ፤ ቸርኬው በደንብ የሚቀመጠው ትንሽ ከሄደ በኋላ ነው።

በፍጥነት መንገዱ ላይ ጎማ ከፈነዳ ፍሬን አይርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀው ይዘው ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ወደ ቀኝ ዳር ይውጡ። ባለሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ቢያንስ 100 ሜትር ወደ ኋላ ያስቀምጡ፤ ጓደኛዎም በቀኝ በር ወርዶ ከብረት አጥሩ ውጭ ይቁም። የፈነዳው ግራ ጎማ ከሆነና መኪኖች ከሚሮጡበት መሥመር ጋር ከተጠጋጋችሁ፣ ቸርኬው ቢበላሽም ቀስ ብሎ ሰፋ ወዳለ ቦታ መድረስ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮሮላ አለኝ። ከተማ ውስጥ አይሞቅም፣ መንገድ ላይ ግን ውሃ ያፈላል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን (የውሃውን ዝውውር በሙቀቱ ልክ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ ጣለው፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ መቼ እንደሚሞቅ መግለጽዎ ግማሹን መልስ ሰጥቶናል። ሲቆም ወይም በጭንቅንቅ ሲጓዝ ብቻ የሚሞቅ መኪና ችግሩ ፋኑ ወይም የፋኑ ኤሌክትሪክ ነው። ሲሮጥ የሚሞቅ ግን ነፋስ በበቂ እያገኘ ስለሆነ ችግሩ ውሃው ላይ ነው። ራዲያተሩ በውስጥ በዝገት ተዘግቷል፣ በውጭ በአፈርና በነፍሳት ተደፍኗል፣ ወይም ወደ ሞተር የሚመልሰው የታችኛው ቱቦ ለስልሶ በሩጫ ጊዜ በመምጠጥ ይጣበቃል። ይህንን ለማየት ኮፈኑን ከፍተው ሌላ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ ቱቦውን ይመልከቱ፤ እጅዎን ግን ከፋኑና ከቺንጋው ያርቁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በጣም ርካሹን ነገር ይመልከቱ፤ የራዲያተሩን ክዳን። እንደ እኛ ባለ ከፍታ ቦታ ይህ ክዳን ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ ያ ውስጡ የሚይዘው ግፊት ነው። ያ ግፊት ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ሞተሩም በጤናማ የሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይንተከተካል። ያኔ ቴርሞስታት ይወጣል፣ ፋን ይቀየራል፣ ችግሩ ግን አይለቅም። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ክዳን ይግዙ። የወጣውንም ቴርሞስታት ያስመልሱ፤ ያለ እሱ ሞተሩ በጊዜ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል።

ራዲያተሩን በንጹሕ ውሃ ያሳጥቡና በእኩል መጠን የተደባለቀ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ይሙሉ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ማድረግ ነው ዝገቱን ያመጣው። መንገድ ላይ ሙቀቱ ከፍ ማለት ከጀመረ ኤሲውን ያጥፉ፣ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻ ይክፈቱ፤ ቆላ ላይ ይከብዳል፣ ግን ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ይሠራል። ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከወጣ ውሃው አልቋል ማለት ስለሆነ ወዲያው ቆመው ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን ከግማሽ ሰዓት በፊት አይንኩት። በሚነደው ባዶ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክፍል) ያጣምመዋል፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይሄዳል፤ የጉዞው በጀት በሙሉ እዚያ ያልቃል። 5 ሊትር ውሃ በጀሪካን ከኋላ ይኑር። የሚጠጡት ውሃ ከዚህ ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ አብራኝ የምትጓዘው ጓደኛዬ መኪና ያስመልሳታል። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ከፊት አስቀምጧት፣ ስልክ እንዳታይ አድርጓት። ሕመሙ የሚመጣው ጆሮዋ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ዓይኗ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ሲተከል ነው። ሩቅ አስፋልቱን ወይም ከአድማስ ላይ ያለ ተራራ ትመልከት። ባዶ ሆድም ጥጋብም አይረዳም፤ ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ዳቦ በሻይ ይበቃል፤ በርበሬና ቅባት የበዛበት ነገር ለሐዋሳ ይቆይ። መድኃኒት ከሆነ ፋርማሲ ሄዳ ዳይመንሃይድሪኔት ትጠይቅ፤ ከጉዞው ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚወሰደው፣ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይሠራም። እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ የወሰደችበት ቀን መሪ አትያዝ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አስቀድማ ለፋርማሲ ባለሙያው ትንገር።

የእርስዎም ድርሻ አለ። ፍሬን በድንገት አይርገጡ፣ ኩርባ ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ፍጥነት ይቀንሱ። ሾፌሩ ለስለስ ብሎ ሲነዳ መድኃኒቱ ሳያስፈልግ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናው የወንድሜ ነው። ከጓደኛዬ ጋር እየተቀያየርን ብንነዳ ችግር አለው?

መልስ፦ ሊብሬው፣ የዓመቱ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃና የሁለታችሁ ያላለፈበት መንጃ ፈቃድ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ። ከወንድምዎ የውክልና ወረቀት መያዝ ጥያቄ ሲነሳ ክርክሩን ያሳጥራል። የመኪናው ሙሉ መድን ካለ ውሉን አውጥተው ስለ ሾፌር የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ፤ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ሲነዳ ስለሚሆነው ነገር ከመውጣትዎ በፊት መድን ሰጪውን በስልክ ይጠይቁ።

መቀያየሩን በድካም ሳይሆን በሰዓት አድርጉት። «ሲደክመኝ እነግርሃለሁ» የሚል ሾፌር አይነግርም፤ እንቅልፍ እየወሰደው መሆኑን መጨረሻ የሚያውቀው እሱ ነውና። ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው መቀያየሪያ ባቱ ነው። በከተማ መንዳት የለመደው አሮጌውን መንገድና ሻሸመኔን ይውሰድ፤ ሻሸመኔ መስቀለኛ ከተማ ናት፣ ባጃጁ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአዳማ ሞጆ ሲወጡ የጠዋት ፀሐይ ከኋላ ነው፣ ከሞጆ በኋላ ግን በሾፌሩ ግራ በኩል ስለሚሆን የጎን መጋረጃ ይያዙ። አርሲ ነገሌ በአረቄው የታወቀ ነው፤ ለቤት ገዝቶ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው፣ የሚነዳ ሰው ግን አይቅመስ። ጫትም እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ሲሞላ 400 ኪሎ ሜትር ይላል። ከአዳማ ሐዋሳ ሳልሞላ እደርሳለሁ?

መልስ፦ የባትሪው መጠን ይወስነዋል። ከቻይና የመጡት መኪኖች የሚያሳዩት ርቀት በዝግታ ጉዞ የተለካ ስለሆነ በፍጥነት መንገድ ከሦስት እጅ አንዱን ቀንሰው ያስቡት። መካከለኛ መኪና በ100 ሲሮጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ስለዚህ ሐዋሳ ለመድረስ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። 60 የሚይዝ ባትሪ ካለዎት ሙሉ አድርገው ይውጡ፣ ይደርሳሉ። 45 ከሆነ መሀል ላይ መሙላት ግድ ነው። ዳገቱ እንደሚፈራው አይደለም፦ ከኮካ ሜዳ እስከ አርሲ ነገሌ ከፍታው 400 ሜትር ገደማ ነው፣ ይህም 1.8 ቶን ለሚመዝን መኪና 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ ከፊሉ ይመለሳል። በይበልጥ የሚበላው ፍጥነት ነው። ከ110 ወደ 90 ቢወርዱ የሚያተርፉት ከዳገቱ ሁሉ ይበልጣል።

የሶኬቱ ዓይነት ብዙ ሰው ያሳስታል። ከቻይና የገባ መኪና ጂቢ/ቲ የሚባለው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ደግሞ ሲሲኤስ 2 ነው፤ አንዱ በሌላው አይሞላም። የሚሞሉበት ቦታ የትኛው እንዳለውና በዕለቱ መብራት መኖሩን ደውለው ያረጋግጡ። ሆቴል ውስጥ ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞሉ በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያገኛሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ 20 ማለት ነው። ማራዘሚያ ገመድ ካስፈለገ ወፍራም ይሁን፣ ጥቅሉም ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ የቀረ ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሶኬቱን በእጅዎ ዳስሰው ካቃጠለዎት ይንቀሉት።

ጥያቄ፦ ወጪውን ከጓደኛዬ ጋር እንዴት እንካፈል? ጓደኝነታችን እንዲጎዳ አልፈልግም።

መልስ፦ ከመነሳታችሁ በፊት እኩል አዋጡና የጋራ ብሩን መሪ ያልያዘው ሰው ይያዘው። ነዳጅ፣ የመንገድ ክፍያ፣ ምግብና አልጋ ከእሱ ይወጣል። የመኪናው ብልሽት ግን የመኪናው ባለቤት ነው፤ ጎማ በጉዞው ላይ ቢፈነዳ ማን እንደሚከፍል ግን ቤት ሳላችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ከቀኑ 7 ሰዓት ከገባን ቀሪውን ቀን እንዴት እናሳልፈው? ሐይቁ ውስጥ መዋኘትስ ይቻላል?

መልስ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አትዋኙ፤ ጉማሬ አለበት፣ የቢልሃርዚያ በሽታም ይገኝበታል። መዋኘት ካማራችሁ ከባቱ በኋላ ወደ ላንጋኖ ታጠፉ፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው። ያን ካደረጋችሁ ግን ሐዋሳ የምትገቡት ወደ 10 ሰዓት ስለሆነ ከአዳማ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ዓሣ ለመብላት አሞራ ገደል የተባለው የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ የሚመረጠው ለምሳ ነው። ጥሬ ዓሣ የሚያቀርቡም አሉ፤ በማግስቱ መንገድ የሚወጣ ሰው ግን ጥብሱን ወይም ሾርባውን ይምረጥ። ምግባችሁን ከጦጣዎቹ ጠብቁ። አመሻሹ ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በእግር መሄድ ለተቀመጠ ወገብ ጥሩ ነው፤ ጉልበት ካላችሁ ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ከተማውንና ሐይቁን አብራችሁ ታያላችሁ። አካባቢው ወባ ያለበት ስለሆነ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ ከሞተሩ በታች ንጹሕ ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ያለውን አንብቡ። ቀለምና ሽታ የሌለው ውሃ የኤሲው ነው፣ አትጨነቁ። አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው ኩላንት ነው፤ ጥቁርና ወፍራሙ የሞተር ዘይት። ከጎማ አጠገብ የወረደ ቀለሙ የነጣ፣ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ጠብታ ካያችሁ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ከመነሳት ይልቅ መካኒኩን ወደ መኪናው አምጡት። ከዚያም ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አስገብታችሁ አውጡ፤ ወደ ታችኛው ምልክት ከወረደ ግማሽ ሊትር ጨምራችሁ እንደገና ለኩ።